ማስተካከያ፦ የወፍ ክንፍ አየር ላይ የሚቆየው እንዴት ነው?

ስለ ወፎች በረራ ባቀረብነው ጽሑፍ፣ ከክንፉ በላይና በታች የሚያልፈው አየር የኋላ ጠርዙ ላይ እኩል መገናኘት ስላለበት የላይኛው ይፈጥናል ብለን ነበር። ስህተት ነው። እንዲገናኙ የሚያስገድድ ምንም ሕግ የለም፤ እንዲያውም በላይ በኩል የሚሄደው ቀድሞ ይደርሳል።

ክንፉ ጎበጥ ያለና ከፊቱ በጥቂቱ ቀና ያለ ስለሆነ የሚያልፍበትን አየር ወደ ታች ያዞረዋል። አየሩ ወደ ታች ሲገፋ ክንፉ በአጸፋው ወደ ላይ ይገፋል፤ በዚያው ቅጽበት ከክንፉ በላይ ያለው ግፊት ከታችኛው ያንሳል። ሁለቱ ማብራሪያዎች አይጋጩም፣ የአንድ ነገር ሁለት ገጽታ ናቸው።

ክንፉ ከልክ በላይ ቀና ሲል ግን፣ ብዙውን ጊዜ 15 ዲግሪ አካባቢ፣ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና የሚያነሳው ኃይል ይከዳል። ልታርፍ የተቃረበች ወፍ ስታዩ የክንፏን መታጠፊያ ልብ በሉ፦ ከአውራ ጣቷ ላይ የበቀሉ ጥቂት አጫጭር ላባዎች ብድግ ይላሉ። ከሥራቸው የሚከፈተው ቀጭን ክፍተት አየሩ ቶሎ እንዳይላቀቅ ያግዛል። ከበረራ ሁሉ ውብ የሆነው ቅጽበት ለእኛ ይህ ነው።

ክንፉን ወደ ላይ የሚያነሳው ዋና ጡንቻ ጀርባ ላይ ነው ማለታችንም ይታረም። ያለው ደረት ላይ፣ ክንፉን ወደ ታች ከሚመታው ትልቁ ጡንቻ ሥር ነው። ጅማቱ በትከሻ አጥንቶች መካከል ባለ ቀዳዳ ሾልኮ ከክንድ አጥንቱ በላይኛው በኩል ይያያዛል፤ ልክ ገመድ በፑሊ ላይ እንደሚዞር። ለዚህ ነው ከታች ያለ ጡንቻ ሲኮማተር ክንፉ ወደ ላይ የሚነሳው።