«አንተ» ልበለው «እርስዎ»?

እኔ ካህን ነኝ። መስቀል የማሳልመውን ሁሉ «ልጄ» ማለት ልማዴ ነው፤ ጡረታ የወጡ ጄኔራልም ይሁኑ፣ ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚያባርር ጎረምሳም ይሁን፣ ምላሴ አይደናቀፍም። ባለፈው ፍልሰታ ግን ተደናቀፈ። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የተመረጠው ሰው ጎንበስ ብሎ መስቀሌን ተሳልሞ ቀና ሲል፣ «እንኳን ደስ አለ…» ብዬ ቃሉን ሳልጨርሰው ቀረሁ። «አለህ» ልበል ወይስ «አለዎት»?

ሰውዬውን አላውቀውም ማለት አልችልም። እናቱ የደብራችን የሰንበቴ ማኅበርተኛ ናቸው። እሱም በጥምቀት ቀን ከታቦቱ ፊት ፊት እየሮጡ ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ልጆች አንዱ ነበር። አሁን ሃዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ይቀበለናል፤ ከኋላው ሦስት ወጣቶች «ክቡርነትዎ» እያሉ ስልክ ያቀብሉታል።

የተጠራነው «ለትውውቅ» ነው። ካህናት፣ ፓስተሮች፣ ሐጂ፣ ከአገር ሽማግሌዎችም ጥቂት ነበርን። ምሳ ሲቀርብ፣ ሃዋሳ ነውና፣ የተጠበሰ ቆሮሶ መጣ። ሰውዬው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አባ፣ ዓሣ በጾም ይፈቀዳል የሚሉ አሉ አይደል?» አለኝ።

«የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከእነሱ አይደለሁም።»

ሳቀና ሳህኑን አጠገቡ ለተቀመጡት ፓስተር አሳልፎ ሽሮ አዘዘ። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን መልሱ ካልጣመው ሌላ ቄስ ፈልጎ የሚጠይቅ ስንት ሰው አይቻለሁ። ይህ «አይሆንም» ሲሉት የሚሰማ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ወደድኩት። ይህን የምጽፈውም ስለወደድኩት ነው፤ መውደዴ ራሱ አስግቶኛል።

ከምሳ በኋላ ምን እንዳወራን ልንገራችሁ። አንዱ ወንድማችን የደብራቸው ካርታ ለዓመታት እንዳልወጣ ተናገሩ። ፓስተሩ የጸሎት ቤት ማስፋፊያ ቦታ አነሡ። ሐጂ የመቃብሩ ቦታ እየጠበበ መሄዱን ገለጹ። እኔም ራሴን ነጻ አላወጣም፣ የጥምቀተ ባሕሩን አጥር አነሣሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ መሬት፣ መሬት፣ መሬት። ሕግ አውጪ ጋ ሄደን አንዳችንም ስለ ሕግ አንዲት ቃል አልተነፈስንም።

ሰውዬው በማስታወሻው ሲጽፍ ቆይቶ፣ «አባቶቼ፣ የመሬት ጉዳይ የከተማው አስተዳደር ነው፤ እኔ ሥልጣን የለኝም» አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ አጨበጭብለት ነበር። ግን ቀጠለ፦ «ግን ደውዬ እነግርላችኋለሁ።» አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሁሉ ፊታችን በራ። ያቺን «ግን» ግን እኔ እስከ ዛሬ እያመነዠኳት ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ደውሎ ካስፈጸመ፣ ያስፈጸመው ሕጉ ሳይሆን ስልኩ ነው። ስልኩ የተደወለለት አጥር ሲያገኝ፣ ያልተደወለለት ደጅ ሲጠና ይከርማል። እኛ የሃይማኖት አባቶች ደግሞ ፊተኞቹ ስልክ አስደዋዮች ሆነን አረፍነው።

ምን ማንሣት ነበረብን? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያናግሩኝ ልጃገረዶች አሉ። አብዛኞቹ በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠርተው ያዩ ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ የወሩ ደመወዝ ኪራይና ጤፍ ላይ ያልቃል፤ ለእናት የሚላክ ነገር የለም። አጎዋ የሚባለው ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ዕድል በ2014 ሲቋረጥም ሥራቸውን ያጡ አሉ። ንስሐ ሊገቡ ይመጡና የሚነግሩኝ ኃጢአት ሳይሆን ሒሳብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ዝቅተኛውን ደመወዝ እያጠና የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ ስንት ዓመት ሆነው! «ያ ቦርድ የት ደረሰ? ምክር ቤት ስትገባ የሚመለከተውን ሚኒስትር ትጠይቅልናለህ?» ማለት ነበረብን። ይህ ለሰውዬው የተሰጠ ሥራ ነው፤ ስልክ መደወል አይጠይቅም፤ እጅ አውጥቶ መናገር ነው።

ልንለያይ ስንል ክንዴን ይዞ ወደ ሐይቁ በኩል ወሰድ አደረገኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባ፣ የነፍስ አባቴ ካረፉ ሁለት ዓመት ሞላቸው። እርስዎ ቢሆኑልኝ» አለኝ።

አልዋሽም፤ ደስ አለኝ። የምክር ቤት አባል ነፍስ አባት! ወዲያው ግን አባ ሐና ጅማ ትዝ አሉኝ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነፍስ አባት ነበሩ፤ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከመኳንንቱና ከሚኒስትሮቹ ጋር ተገደሉ። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ይደርስብኛል ብዬ አይደለም። ቤተ መንግሥት የሚውል ካህን በሰው ዓይን ከቤተ መንግሥቱ ሰዎች ተለይቶ አይታይም፤ ጥይቱም አልለያቸውም።

እምቢ አልኩት። ምክንያቴን ለእሱም ነግሬዋለሁ። ነፍስ አባት የሰማውን ይቀብራል፤ መራጭ የሰማውን ይናገራል። እኔ ደግሞ መራጭ ነኝ፤ ተሰልፌ ጣቴን ቀለም ነክቻለሁ። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ነው ይላል፤ የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበትም ይነሣል። እንግዲህ ነገ ሕዝቡ «ይነሣልን» ብሎ ቢቆም እኔ የት ልቁም? ከሕዝቡ ጋር ከቆምኩ «በንስሐ የሰማው ነገር ቢኖር ነው» ይባላል፤ እሱን የሰማ ምእመንም ዳግመኛ ነፍሱን አይሰጠኝም። ዝም ካልኩ «እየሸፈነለት ነው» ይባላል። በሁለቱም መስቀሌ ያፍራል።

አንድ የማከብራቸው መምህር ወቀሱኝ። «ከሁሉ ይልቅ ንስሐ የሚያስፈልገው ባለሥልጣን አይደል? ናታን ዳዊትን ያ ሰው አንተ ነህ ሲለው እምቢ ብሎ ነበር እንዴ?» እውነታቸውን ነው። ግን ናታን ከዳዊት አጥር አልጠየቀም፤ እኔ በዚያው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ጠይቄአለሁ። ለዚህ ነው ሰውዬውን «ወደ አዲስ አበባ ስትመላለስ ዝዋይ መንገድህ ነው። ደሴቶቹ ላይ ካሉት ገዳማት አንድ ካንተ ምንም የማይፈልግ መነኩሴ ፈልግ» ያልኩት።

«ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም» የምትለዋን የአንቀጽ 11 ሐረግ አውቃታለሁ፤ ዝም እንድንል በተፈለገ ቁጥር ትጠቀስብናለች። ልናሾማቸው፣ ልናሽራቸው፣ በዐውደ ምሕረት ልንቀሰቅስላቸው አይገባም፤ እስማማለሁ። ነገር ግን ቆብ ጭኜ መጠየቅ ጣልቃ መግባት ከሆነ፣ ተሸሽጎ ካርታ ማስጨረስ ምን ሊባል ነው? እሱን ማንም ጣልቃ ገብነት ሲለው አልሰማሁም።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ክረምቱ በእጁ ነበር። ስለዚህ፣ «ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ጥራ» አልኩት፤ «ሆቴል አይሁን፣ ምሳም አይኑር። እኔ ከልጃገረዶቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ስለ ደመወዝ ቦርዱም ማይክ ይዤ እጠይቅሃለሁ። ያን ቀን እርስዎ ነው የምልህ።»

«ዛሬስ?» አለኝ እየሳቀ።

«ዛሬማ አንተ ብዬህ ጨርሻለሁ።»

ስልኩን አውጥቶ «ቦርድ» ብሎ ጻፈ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን መስከረም ገብቷል፤ ስብሰባው አልተጠራም። ስለ አጥሩ ግን ትናንት አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። «አባ፣ ተነግሮናል» አለኝ።