አንድ ሐሙስ የቀረው ጀግና

ጀግናው በጠላት ምድር ላይ ነው። ጓደኞቹ በነጩ አሸዋ ላይ እዚህም እዚያም ወድቀዋል፤ ሊያድናት የመጣላት ልጅ ገና ከእስር አልወጣችም፤ ከፊቱ የቆሙት ጠላቶች ደግሞ ካሸነፋቸው ሁሉ የበረቱ ናቸው። የተከታታይ ፊልሙ ክፍል እዚህ ላይ ሲያልቅ እኔ እንቅልፌን ሠውቼ የሚቀጥለውን ከፈትኩ። ጀግናው ቤቱ ነው። ቁስል የለበትም፤ ስለ በረሃው ያነሣ ሰው የለም፤ ይልቁንም ከዚያ በፊት ስሙን እንኳ ሰምተን የማናውቀው አንድ አዲስ አዛዥ ተሹሞ መጥቶ ሁሉም እንኳን ደህና መጣህ ይለዋል። የተሳሳተ ፋይል የከፈትኩ መስሎኝ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አየሁት። ስሕተት አልነበረም። ብሊች የተባለው አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ተከታታይ ፊልም) በ168ኛው ክፍል ላይ ጦርነቱን እንዳለ ጥሎ ሄደ፤ የተመለሰውም በ190ኛው ክፍል ነው። በመካከሉ ባሉት 22 ክፍሎች፣ ማለትም ከሰባት ሰዓት በላይ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ፣ በአሸዋው ላይ የወደቁት ሰዎች እንደወደቁ ቆዩ።

ተመልካቾች ይህን ዓይነቱን፣ ከዋናው ታሪክ ውጭ ሆኖ ጊዜ ለመግዛት የሚገባውን ክፍል፣ ፊለር ይሉታል። እንደ ቃሉ ብንሄድ መሙያ ልንለው እንችላለን፤ እኔ ግን ሥራውን ሳየው፣ ምግቡ እስኪደርስ ድረስ እንግዳውን እንዲያጫውት ወደ ሳሎን የሚላከውን ልጅ ይመስለኛል። ልጁ የሚያወራው ነገር የለውም፤ እንግዳውም ዓይኑ ከጓዳው በር ላይ አይነሣም፤ ሆኖም ልጁ ዝም ካለ እንግዳው ተነሥቶ ሊሄድ ይችላል።

ጓዳው ውስጥ ያለው ችግር ደግሞ እውነተኛ ነው። አኒሜው የሚቀዳው ማንጋ ከሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው፤ የማንጋው ደራሲ ከጥቂት ረዳቶቹ ጋር ጎንበስ ብሎ በሳምንት ሃያ ገጽ ገደማ ይሥላል። አኒሜውን የሚሠራው ስቱዲዮ በበኩሉ በአንድ ክፍል ሁለትና ሦስት ሳምንት የተደከመበትን ሥዕል ጨርሶ ይነሣል። አንዱ ገና ሲዘራ ሌላው ማጭዱን ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል። አጫጁ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ የቴሌቪዥኑ ሰዓት ተሽጧል፤ ማስታወቂያው ተከፍሎበታል፤ ስለዚህ ዘሩ እስኪበቅል ድረስ በባዶ ማሳ ላይ ማጭዱን እያወዛወዘ ያጨደ ይመስላል። በዚህ መንገድ ነው ናሩቶ የተባለው አኒሜ የመጀመሪያው ተከታታይ ካሉት 220 ክፍሎች ከ136ኛው ወዲህ ያሉት በአብዛኛው በማንጋው ውስጥ የሌሉ ሆነው የቀሩት። ዋን ፒስ የተባለው አኒሜ ሌላ ዘዴ መረጠ፤ ከውጭ ታሪክ አምጥቶ በመሙላት ፈንታ ያለውን ታሪክ እንደ ላስቲክ ሳበው። አንድ ሰው ሲደነግጥ፣ የደነገጠውን ሰው ያየው ሰው ሲደነግጥ፣ ያንን ያየው ሕዝብ በየተራ አፉን ሲከፍት ሩብ ክፍል ያልቃል። ድራጎን ቦል ዚ በተባለው አኒሜ ላይ ክፉው ፍሪዛ «ይህች ፕላኔት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች» ብሎ ከተናገረ በኋላ ያቺ አምስት ደቂቃ ሳምንታት ፈጅታለች። አበዳሪዬ ያንን የመሰለ ሰዓት ቢያስር ኖሮ ዛሬ የማፍርበት ሰው ባልኖረኝ።

በአማርኛ ለሞት የተቃረበውን ሰው አንድ ሐሙስ ቀረው እንላለን። የናሩቶ ተከታይ የሆነው ናሩቶ ሺፑደን እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2017 ድረስ 500 ክፍሎች ሲተላለፍ የሚታይበት ዕለት ሐሙስ ነበር፤ ይህን ሳውቅ ከአባባሉ ጋር መገጣጠሙ አሳቀኝ። በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው ሐሙስ ሲደርስ አይሞትም፤ ልጅነቱን መተረክ ይጀምራል። በሚቀጥለው ሐሙስ የገዳዩን ልጅነት እናያለን። ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ሁለቱም ከመወለዳቸው በፊት ስለነበረ አንድ መንደር እንሰማለን። እንዲህ ዓይነት ሐሙስ ቢሰጠው ዓለምን መሰናበት የሚፈራ ሰው ባልኖረ።

ፊለር የሚጻፍበት ሕግ ከማንም ሕገ መንግሥት ይልቅ የጸና ነው፤ እርሱም ምንም ነገር አይለወጥ የሚል ነው። ደራሲው በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚሥል ስለማይታወቅ በመካከሉ ማንም ሊሞት፣ ሊያገባ፣ አዲስ ጥበብ ሊማር፣ ጥርሱን እንኳ ሊያጣ አይፈቀድለትም። ክፉው ሰው አምስት ስድስት ክፍል የሚያታግል ኃይል ሊኖረው ይገባል፤ ሆኖም ከተሸነፈ በኋላ ማንም ስሙን እንዳያነሣው ሆኖ መሸነፍ አለበት። ጀግናው በመንገድ ላይ ወዳጅ ያገኛል፤ አብረው ይራባሉ፤ አብረው ይቆስላሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተቃቅፈው እያለቀሱ «መቼም አልረሳህም» ይባባላሉ። ከዚያች ፀሐይ በኋላ ጀግናው ሦስት መቶ ክፍል ሲኖር ያንን ወዳጁን አንድም ቀን አያነሣውም። መቼም በሰው ላይ አልፈርድም፤ እኔም በስልኬ ውስጥ በየሠርጉና በየስብሰባው «እንደዋወል» ብዬ የመዘገብኳቸው ቁጥሮች አሉኝ። የሕይወት መድን ሻጭ ብሆን ግን ደንበኞቼን የምመለምለው ከፊለር ክፍሎች ብቻ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ሳይሞት ክፍያውን የሚከፍል ሰው ከየት ይገኛል?

አንድ ወዳጄ ይህን ሁሉ በዝርዝር ድል አድርጎታል። የትኛው ክፍል እንደሚታይና የትኛው እንደሚዘለል በቁጥር የሰፈረበት ወረቀት አለው፤ ተከታታይ ፊልም ሳይጀምር አስቀድሞ ወረቀቱን ይፈልጋል። ክፍል ሲዘል የሚያሳየው ፊት ወረፋ ሳይጠብቅ ጉዳዩን እንዳስጨረሰ ሰው ፊት ነው። በዚህ መንገድ ብዙ መቶ ሰዓታት እንዳተረፈ ይነግረኛል። ያተረፋቸውን ሰዓታት ምን እንዳደረጋቸው አውቃለሁ፤ ግማሹ ከማንጋው፣ ግማሹ ከስቱዲዮው የመጣ ክፍል ፊለር ነው ወይስ አይደለም በሚል ከእኔ ጋር ተከራክሮ ጨርሷቸዋል።

ወረቀቱ የከዳው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሃሩሂ ሱዙሚያ አኒሜ እ.ኤ.አ. በ2009 የበጋ ዕረፍት ታሪክ ይዞ ቀረበ፤ ልጆቹ ይዋኛሉ፣ ይጫወታሉ፣ ዕረፍቱ ያልቃል። በሳምንቱ ያው ታሪክ እንደገና መጣ። ልብሳቸው ተለውጧል፤ ሥዕሉ እንደ አዲስ ተሥሏል፤ ድምፁም እንደገና ተቀርጿል፤ የሆነው ነገር ግን ያው ነው። እንዲህ ሆኖ ስምንት ሳምንት ተደጋገመ፤ ልጆቹ የጊዜ አዙሪት ውስጥ ገብተው ነበርና። ወዳጄ ወረቀቱን ቢያገላብጥ አንዱም ክፍል ይዘለል የሚል ምልክት የለበትም፤ ምክንያቱም ታሪኩ ከራሱ ከደራሲው ጽሑፍ የተወሰደ ነው። ስምንቱንም ተመለከተ። በአምስተኛው ላይ ደውሎልኝ «አንተ፣ ይህ ሰው እየቀለደብኝ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ድምፅ አሁንም በጆሮዬ አለ።

ከእርሱ የሚብሰው ግን «እስከ 60ኛው ክፍል ታገሥ እንጂ ከዚያ በኋላ ልዩ ነው» እያለ የሚሰብከው ሰው ነው። በዚህ ውል ቤት የሚከራይ፣ ሥራ የሚቀጠር ወይም የሚያገባ ሰው አላየሁም። ምናልባት የመጨረሻውን በችኮላ ተናገርኩ።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚሞላው ጓዳ ሌላ ነው። እዚያ ሩጫው ከደራሲ ጋር ሳይሆን ከቁጥር ጋር ነበር። በዓመት 22 ክፍል ገደማ ማቅረብ የተለመደ ሆኖ፣ ድራማው 100 ክፍል ከደረሰ ለድጋሚ ስርጭት በጥሩ ዋጋ ይሸጣል ተብሎ ስለሚታሰብ መቶ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ነገር ጠቃሚ ነው። ገንዘብ ሲያልቅ ተዋንያኑን አንድ ቤት ውስጥ ቆልፎ ማነጋገር አለ። ገንዘቡም ሐሳቡም አብረው ሲያልቁ ደግሞ ማስታወስ አለ። ስታር ትሬክ ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን እ.ኤ.አ. በ1989 የሁለተኛውን ሲዝን መዝጊያ የሠራው አንዱን ገጸ ባሕርይ አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ሕይወቱን ለማትረፍ የቀድሞ ክፍሎችን በትዝታ እንዲያይ በማድረግ ነው። ተመልካቹም አብሮት አየ፤ ሕመምተኛው ዳነ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከናሩቶ ብዙ ታላላቅ ውጊያዎች ይልቅ የማስታውሰው 101ኛውን ክፍል ነው። ሦስት ተማሪዎች የመምህራቸውን ፊት ከጭምብሉ ሥር ለማየት አንድ ሙሉ ክፍል ሲያደቡ ይውላሉ። በመጨረሻ መምህሩ ራሱ ጭምብሉን ዝቅ ያደርግላቸዋል፤ ከሥሩ ያለው ሌላ ጭምብል ነው። ዓለም አልዳነም፤ ማንም አልበረታም። ድራጎን ቦል ዚ ላይም ፕላኔት የሚያናውጡት ጎኩና ፒኮሎ መኪና መንዳት ሊማሩ የገቡበት ክፍል አለ፤ መብረር የሚችሉ ሁለት ሰዎች መሪ ጨብጠው ሲያልባቸው ማየት ከማንኛውም ፍንዳታ ይበልጥብኛል። አንድ ምሽት ብዙ ሆነን ተቀምጠን የጭምብሉ ነገር ተነሥቶ ሁላችንም በሳቅ ስንፈርስ ያ ወረቀተኛ ወዳጄ የማያውቀው ቋንቋ በሚነገርበት ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገቱን አቀርቅሮ ነበር። ሁለቱንም ክፍሎች ዘልሏቸዋል። «ወረቀቱ ላይ ዝለል ይላል» አለ ቀስ ብሎ።

አሁን ዘመኑ የእርሱ ነው። አዳዲሶቹ ተከታታይ ፊልሞች ስምንት ወይም አሥር ክፍል ይዘው መጥተው ለሁለት ዓመት ይሰወራሉ፤ ሲመለሱ ማን ማንን እንደገደለ ረስተነዋል፤ ልጆች ሆነው የተለዩን ተዋንያን ጢም አብቅለዋል። ብሊች ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቋረጥ የማንጋው ታሪክ ገና አላለቀም ነበር፤ የቀረውን ይዞ የተመለሰው በ2022 ነው። 22 ሳምንት ጠብቁ ሲባል የጮኸው ተመልካች፣ እኔም ጭምር፣ አሥር ዓመት ጠበቀ፤ በእነዚያ ዓመታት ወደ ሳሎን መጥቶ የሚያጫውተው ልጅ እንኳ አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ አኒሜ ከመጀመሪያው እንደገና ማየት ጀምሬያለሁ። ወዳጄ ወረቀቱን ልኮልኛል፤ ትናንት ማታ 167ኛውን ስጨርስ ደግሞ በቀጥታ 190ን እንድከፍት አጥብቆ አስጠነቀቀኝ። ጀግናው በጠላት ምድር ላይ ነው፤ ጓደኞቹ በአሸዋው ላይ ወድቀዋል። ይቅር ይበሉኝ፤ አዲሱ አዛዥ አሁን ስሙን ሊናገር ነው።