ለማላየው ጣቢያ ልክፈል?

ጥያቄው አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ቤት ለሕዝብ ቴሌቪዥን በግዴታ ይክፈል ወይስ አይክፈል? ሁለት ጸሐፊዎች ተፋጠዋል። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ተቃዋሚው፦ ቤቴ ቴሌቪዥን የለም። ጀርመን ብኖር ግን ይሄ ምክንያት አይሆነኝም። እዚያ ከ2013 ጀምሮ የሚቆጠረው ቤቱ እንጂ ቴሌቪዥኑ አይደለም። በወር 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም። ድጎማ ላይ ያለ ሰው ነጻ ይሆናል፤ ከዚያ ውጪ ቪላ ያለውም አንድ ክፍል የተከራየውም እኩል ነው።

ብሪታንያ ደግሞ ይብሳል። ክፍያው የሚሰበሰብበት የቴሌቪዥን ፈቃድ ሳይኖርህ የቀጥታ ሥርጭት ማየት ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 1,000 ፓውንድ ይደርሳል። ከሚቀጡት ውስጥ ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ ሴቶች ናቸው። ለምን? ተቆጣጣሪው ሲያንኳኳ ብዙ ጊዜ ቤት የምትገኘው እሷ ናት። በሩን የከፈተ ሰው ስሙ ይመዘገባል፣ አለቀ።

ደጋፊዋ፦ በር ላይ የሚሆነው ያሳፍራል፤ እሱን አልከላከልም። ግን ልጠይቅህ ወንድሜ፣ ጣቢያው ከማን ኪስ ይኑር? ከማስታወቂያ ካልክ፣ ዜናው የሳሙና ሻጩን ፊት እያየ ሊያድር ነው። ከመንግሥት በጀት ካልክ፣ የገንዘብ ሚኒስትሩ የዜና አለቃ ሆነ ማለት ነው። ስልክ መደወል እንኳ አያስፈልገውም፤ በጀቱን ቆንጠር ማድረግ ይበቃዋል። የሚያየው ብቻ ይክፈል ካልክ ደግሞ፣ በምልክት ቋንቋ የሚቀርበውን ዜና ማን ያዋጣዋል? ስዊዘርላንድ ውስጥ ሮማንሽ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገረው ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። የሕዝብ ጣቢያው ግን በሮማንሽም ያሰራጫል።

እነዚሁ ስዊዞች መጋቢት 4 ቀን 2018 ክፍያው ይቅር ወይ ተብለው ተጠየቁ። ያኔ በዓመት ከ450 ፍራንክ በላይ ይከፍሉ ነበር። 71.6 በመቶው አይቅር አለ።

ተቃዋሚው፦ ግሪክን ዘለልሻት። እዚያ ክፍያው ከመብራት ሂሳብ ጋር ይሰበሰብ ነበር። ሰኔ 11 ቀን 2013 መንግሥት ድንገት ተነስቶ የሕዝብ ጣቢያውን ኢአርቲን ዘግቼዋለሁ አለ። በዚያው ሌሊት ስክሪኑ ጠቆረ። ከ2,500 በላይ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ቀረ። ያ ሁሉ ሕዝብ በየወሩ መክፈሉ ጣቢያውን ከማን አዳነው?

ደጋፊዋ፦ እሺ፣ ይቺ አገኘችኝ። ክፍያ ብቻውን አጥር አይሆንም፤ ሕግ ይፈልጋል። ጀርመን ያንን ሕግ አላት። በ2020 መጨረሻ ዛክሰን-አንሃልት የምትባለው ክፍለ ግዛት የክፍያውን ጭማሪ አላጸድቅም ብላ የ16ቱንም ክፍለ ግዛቶች ስምምነት አቆመችው። ጠቡ በወር ለ86 ሳንቲም ነበር! በ2021 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጭማሪው ይጽና ብሎ ወሰነ። ድሃው ካሳሰበህ ደግሞ ፊንላንድን እይ። ከ2013 ጀምሮ በገቢ ልክ ነው፤ ትንሽ የሚያገኝ ምንም አይከፍልም፣ ብዙ የሚያገኝም ጣሪያ አለው።

ተቃዋሚው፦ የፊንላንዱ ይሻላል፣ ቢያንስ በር የሚያንኳኳ የለም። የጀርመኑን ግን ራስሽ ለእኔ አቀበልሽኝ፣ እህቴ። ሕዝብ የመረጠው መንግሥት አልጨምርም አለ፤ ፍርድ ቤት ይጨመር አለ። ታዲያ ከፋዩ በቃኝ የሚለው ለማን ነው? ስዊዞቹን ጠይቀዋቸዋል። እኔንም ይጠይቁኝ። ድምፄን ሰጥቼ ከተሸነፍኩ፣ እየተነጫነጭኩም ቢሆን እከፍላለሁ።