የገዛ ባንዲራዬን በ40 ዶላር

የዕቁቡ ልጆች፣ ዛሬ ማንም እንዳይደውልልኝ። ለዚህ ዋይፋይ የከፈልኩት ገንዘብ ስለሚያንገበግበኝ እስኪያልቅ ድረስ እጽፋለሁ። ኤልሳ አጠገቤ ታንኮራፋለች። ያንን ሻርፕ አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ነው እንቅልፍ የወሰዳት። ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ሰውዬው ምን እንዳለኝ ልንገራችሁ? ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምር። አለበለዚያ "አካባጅ" ትሉኛላችሁ። ታውቁኛላችሁ፣ እኔ አላካብድም።

ጃማይካ፣ ኦቾ ሪዮስ የሚባል ወደብ ላይ ከመርከቡ ወረድን። መጀመሪያ የሰዓቱ ጣጣ። ጃማይካ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትነካካም። መርከባችን ደግሞ የማያሚን ሰዓት ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በዚህ ወር በመርከቡና በከተማው መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። "አስር ተኩል ላይ ያልተሳፈረ ጥለነው እንሄዳለን" ይላሉ በድምፅ ማጉያ። በማን አስር ተኩል? በመርከቡ። ስልኬ ግን መሬት እንደረገጥኩ ራሱን ወደ ጃማይካ ቀየረ። እትዬ አስካለን ደግሞ ታውቋቸዋላችሁ፤ የእጅ ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ንቅንቅ አይልም። በሳቸው ሰዓት መርከቡ የሚሄደው ከምሽቱ አምስት ተኩል ነው። "ገና ነው ልጄ፣ ተረጋጊ" ይሉኛል በየመንገዱ። ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ስሠራ ዋልኩ። ፈረቃ ሰለቸኝ ብዬ ፈቃድ የወሰድኩ ሰው!

ከወደቡ ግቢ ሳትወጡ ጌጣጌጥ ቤት በጌጣጌጥ ቤት ነው። ማታ ማይክ የያዘች ልጅ መርከቡ ላይ ካርታ አድላን ነበር። "እነዚህ የታመኑ ሱቆች ናቸው" ትላለች። የታመኑት እኮ ለመታመን ስለከፈሉ ነው! ካርታው ግርጌ ላይ በጉንዳን ፊደል ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፏል። "ነጻ ስጦታ" የምትል ወረቀት ይዘን ገባን። ስጦታዋ ጥፍሬን አታክልም። እሷን ለመቀበል ግን መጀመሪያ ታንዛናይት የሚባል የከበረ ድንጋይ ጣታችሁ ላይ ይገባል። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ይሄ ድንጋይ ከመላው ዓለም አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው" አለኝ። አውቃለሁ ወንድሜ። ታንዛኒያ ነው፣ ኪሊማንጃሮ አጠገብ፣ መሬላኒ። የሰፈራችን ድንጋይ ነው! እዚህ ድረስ ባሕር አቋርጬ የመጣሁት የሰፈሬን ድንጋይ ልገዛ ነው?

ቡናው ደግሞ አለላችሁ። ብሉ ማውንቴን። አንዲት ልጅ የመድኃኒት መለኪያ በምታህል ፕላስቲክ አቀመሰችኝ። "መጀመሪያ አሽትቺው፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ" ትለኛለች። እኔን! ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ጀበና ስር ያደግኩትን! ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ ኒኮላስ ሎውስ የሚባል የቀድሞ የእንግሊዝ ገዥ ከማርቲኒክ አስመጥቶት። ከማርቲኒክ በፊት የት ነበር ብላችሁ ዘሩን ብትከተሉ ዞሮ ዞሮ የኛው ጫካ ነው የምትደርሱት። የግማሽ ፓውንዱን ዋጋ ስትነግረኝ ፕላስቲኳን መለስኩላት። ጣዕሙ ግን ጥሩ ነው፤ ለስለስ ያለ ነው። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥሩ ባይሆን ኖሮ ፖሊስ ነበር የምጠራው።

ይሄ ነገር እኮ ዛሬ አልጀመረም። ሥራ ቦታ ያቺ ልጅ ምሳ ላይ ጤፍ ምን እንደሆነ ያስረዳችኝን ታስታውሳላችሁ? "ግሉተን የለውም እኮ፣ ሞክሪው" አለችኝ። እንጀራ እየጎረስኩ! እናንተ ያኔ ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ምን አለበት።

ባሕሩማ ምን ይወጣለታል። ውኃው ስር እግራችሁን ጣት በጣት ትቆጥራላችሁ። ችግሩ እሱ ጋ መድረሱ ነው። መግቢያ ይከፈላል። ገብታችሁ ወንበሩ ሌላ፣ ጥላው ሌላ። አሸዋው ላይ ፎጣዬን ላነጥፍ ስል አንዱ መጣና "እዚህ የወንበር ቦታ ነው" አለኝ። ታዲያ አየር ላይ ልተኛ? እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በዚያ ሙቀት፣ ውኃው ዳር ቆመው አማተቡና "በቃ አየሁት፣ እንሂድ" አሉ። የተከፈለው ለዚህ ነው።

የታክሲው ሰውዬ ደግሞ አንጀቴን በላው። (ከወረዳችሁ ቀይ ታርጋ ያለውን ብቻ ያዙ፤ ፈቃድ ያለው እሱ ነው።) በመስኮቱ እየጠቆመ "ልጅ ሆነን እዚህ ነበር የምንዋኘው፣ አሁን አጥር ነው" ይለናል። ትንሽ ይነዳና ደግሞ "እዚህም" ይላል። አገሪቱ በ1962 ነጻ ወጥታለች፤ የባሕር ዳርቻው ሕግ ግን እንግሊዞቹ በ1956 ያወጡት ነው። በዚያ ሕግ ተራው ሰው በገዛ አገሩ ባሕር የመዋኘት አጠቃላይ መብት የለውም። እዚያው ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ማሚ ቤይ የሚባል ቦታ አለ፤ የዓሣ አጥማጆቹ መተላለፊያ ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። ደሴት ላይ ተወልደህ ባሕር በአጥር ቀዳዳ ስታይ! እኔና ኤልሳ "እግዚኦ" እያልን፣ ከንፈር እየመጠጥን፣ ልናለቅስ ደረስን። ሲያወርደን የነገረን ዋጋ ለሁላችንም ሳይሆን በነፍስ ወከፍ መሆኑን አስረዳን። ሐዘኑ እዚያው ቆመ።

እሺ፣ ገበያው።

ገበያው ራሱ አይከፋም። የገለባ ባርኔጣ አለ፣ የተቀረጸ ቅል አለ። አንድ ሽማግሌ ሊግነም ቫይቴ ከሚባለው እንጨት ወፍ ሲጠርቡ ቆሜ አየሁ። ውኃ ውስጥ ብትጥሉት የሚሰምጥ እንጨት ነው፤ ያንን በመሮ እያሸነፉት። ምነው ከሳቸው በገዛሁ። አጠገባቸው ያለው ሱቅ ዕቃ ሥሩ ላይ የቻይና ምልክት አለበት፤ ሻጯ በአውራ ጣቷ ሸፍና ነው የምታሳያችሁ። እጄን ይዘው "ጸጉርሽን እንሥራሽ" ያሉኝን አልቆጥርም። ሹሩባዬን ሐሙስ ነው የተሠራሁት፤ ምኑን ነው የሚሠሩት?

ከዚያ የሰውዬው ሱቅ። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ዘውድ የደፋው አንበሳ በየግድግዳው። ጃንሆይ ከቦብ ማርሊ ጎን ተሰቅለዋል። ልቤ ሞቅ አለ፣ አልዋሽም። ዕጣኑ ሳይቀር ቤቴን ቤቴን ሸተተኝ።

"እቴጌ፣ ግቢ" አለኝ። ድሬዱ ወገቡ ላይ የደረሰ፣ ፈገግታው የሚያምር ሰው ነው።

"ይሄ ሻርፕ ስንት ነው?"

"40።"

እኔም ካርዴን መዘዝኩ። ሽሮ ሜዳ ላይ "የሰፈር ልጅ ነኝ" እንደሚባለው ማለት ነው። ፈገግ ብዬ "እኔ እኮ ኢትዮጵያዊት ነኝ" አልኩት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ዐይኑ እንባ አቀረረ። "ከየት?" አለ። "ከደሴ።" ደሴን አላወቃትም። "አጎቴ ሻሸመኔ ነው ያለው። ታውቂዋለሽ?" አለኝና ስሙን ነገረኝ። ሻሸመኔ ትልቅ ከተማ ናት፣ አላውቀውም አልኩት። ፊቱ ላይ የሆነች ነገር ጠፋች። ያኔ መውጣት ነበረብኝ ብትሉኝ እሺ፣ ግን ሻርፑን ይዣለሁ!

ከዚያ ትምህርት ተጀመረ። ጃንሆይ በ1948 ለጥቁር ሕዝብ ሻሸመኔ ላይ 200 ሄክታር መሬት እንደሰጡ፣ በኋላ ደርግ አብዛኛውን እንደወሰደው። "መንግሥትሽ ቀማን" አለኝ። እኔ ደግሞ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ "ይቅርታ" አልኩት! ደርግን ወክዬ! አባቴን ሁለት ዓመት ያሰረውን ደርግ!

ይሄኔ ከኛው መርከብ የወረዱ ፈረንጆች፣ ፀሐይ ፊታቸውን የላጠቻቸው፣ ከኋላዬ ተሰብስበዋል። ሰውዬውም ተመልካች ማግኘቱን አየ። ድምፁን ከፍ አደረገ።

"እህቴ፣ የግርማዊነታቸው ልደት መቼ ነው?"

ዝም አልኩ። ምን ልበል? እኔ ያደግኩት በደርግ ጊዜ ነው። በልጅነቴ ተሰልፌ የዘመርኩት ለመስከረም 2 ነው። የጃንሆይን ልደት ማን ያስተምረኛል? ደግሞ የማንን ልደት ነው የሚጠይቀኝ? የራሴ ልደት እንኳ አሜሪካ ስገባ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተጻፈልኝ ሰው ነኝ! እኔ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ሁላችንም ጃንዋሪ 1 ነው የተወለድነው!

እትዬ አስካለ ከኋላ ደረሱልኝ። "ሐምሌ 16!" አሉ በኩራት። ለሳቸው ጊዜ በዓል ነበራ። እኔ ሞኝ ደግሞ ቶሎ ብዬ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩና "ጁላይ 16!" አልኩት።

ሰውዬው ዐይኑን ጨፈነ። ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። ወደ ሕዝቡ ዞረና "23" አለ። ከዚያ፣ ስሙኝ፣ በሐዘን፣ ቀብር ላይ በሚነገርበት ድምፅ፣ "ረስተውታል" አለ።

ረስተውታል! እኔን እያሳየ!

"አይደለም፣ የኛ አቆጣጠር ነው፣ የራሳችን የዘመን መቁጠሪያ አለን፣ ሐምሌ 16 ማለት ጁላይ 23 ማለት ነው፣ ወሮቻችን አሥራ ሦስት ናቸው..." እያልኩ ስዘባርቅ አንዷ ፈረንጅ ለባሏ "አሥራ ሦስት ወር አለች?" ብላ ሳቀች። ሰውዬው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ጊዜ አንድ ነው እህቴ፣ ተመለሺና አንብቢ" አለኝ። የት ልመለስ? ሜሪላንድ?

እሱም ቀጠለ። ጃንሆይ በ1966 ኪንግስተን ሲያርፉ ሕዝቡ አውሮፕላኑን እንደከበበው፣ ዝናቡ እንዴት እንዳቆመ። የሚያምር አተራረክ ነው፣ አይካድም። ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። እኔ መሐል ላይ ሻርፕ ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። ምሳሌ ሆኜ፤ የረሱት ሰዎች ምሳሌ።

መጨረሻ ላይ ከተረፈኝ ክብር ጋር "በ25 ስጠኝ" አልኩት። "ይሄ የንጉሥ ቀለም ነው፣ በንጉሥ ቀለም አንከራከርም" አለኝ። እሺ። አስቀመጥኩት። ያቺ የሳቀችው ሴትዮ እጇን ዘርግታ ያንኑ ሻርፕ፣ ያንኑ ራሱን፣ አነሳችና "ሃያ አምስት?" አለችው።

"ላንቺማ፣ ውዴ" አላት።

ሃያ አምስት!

ቆሽቴ አርሮ ልወጣ ስል ኤልሳ የለችም። ዞር ስል ሌላ ሻርፕ ይዛ 40 ዶላር እየቆጠረች ነው። አልተከራከረችም። አንድ ዶላር አላስቀነሰችም። "አሳዘነኝ" አለችኝ። ማን? እሱ! እኔ አጠገቧ ቆሜ! እትዬ አስካለ ደግሞ የዶቃ አምባር በነጻ ተሸልመው ወጡ። እጃቸውን ሳመው፣ መረቁት። እሳቸውና እሱ በአንድ ቋንቋ ሳይግባቡ የልብ ወዳጅ ሆኑ። ዘመድ ሆነው ተለያዩ ብላችሁ ይሻላል።

ከዚያ ሩጫ ነው፤ በጃማይካ ዘጠኝ ተኩል፣ በመርከቡ አስር ተኩል፣ በእትዬ አስካለ "ገና ነው"። መርከቡ በር ላይ ቦርሳዬን ከፍተው በርብረው አዩ። ምንም የለም። ከመላው ጃማይካ ይዤ የተመለስኩት ያችን ጥፍሬን የማታክል ነጻ ስጦታ ነው፤ እሷም ሰንሰለቷ ለብቻ እንደሚሸጥ አሁን ነው ያየሁት። ለራት ስቀመጥ ደረሰኙ ላይ "ተጨማሪ ጉርሻ" የሚል ባዶ መስመር። በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ጉርሻ እየቆረጣችሁብኝ እኮ ነው! የምን ተጨማሪ? ዶሮውስ ቢሆን ምን ጣዕም አለው፤ ሚጥሚጣዬን ከቦርሳ አውጥቼ ነው የበላሁት።

ፎቶ ላኪ እንዳትሉኝ። ፎቶው ኤልሳ ጋ ነው። እኔ ያለሁበት ሁሉ አፌን ከፍቼ አሥራ ሦስት ወር ሳስረዳ ነው።

የሚቀጥለው ወደብ ግራንድ ካይማን ነው። ልውረድ አልውረድ አላውቅም፤ ደክሞኛል። እዚያ ደግሞ ምኔን እንደሚሸጡልኝ እንጃ። ብቻ ከናንተ መሐል ኦቾ ሪዮስ የምትወርድ ካለች 23 በዪ፣ 16 እንዳትዪ። ዋጋው እንደሆነ ያው 40 ነው።