ባል በህግ የቤቱ አለቃ ነው የሚለው

ሰላም ናችሁ፣ "ባል በህግም የቤቱ አለቃ ነው፣ የመጨረሻው ውሳኔ የሱ ነው" የሚል ነገር እየተቀባበላችሁ ነው። በ1952ቱ የፍትሐብሄር ህግ እውነት ነበር፣ ግን በተሻሻለው የቤተሰብ ህግ (አዋጅ 213/1992) ቀርቷል፣ አንቀጽ 50ን አውጥታችሁ እዩት፣ ቤተሰብ በመምራት ሁለቱም እኩል ናቸው (አዋጁ ለአዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፣ ብዙ ክልሎች የራሳቸው አላቸው፣ የህገ መንግስቱ አንቀጽ 34 ግን ሁሉንም ይይዛል)። ስለ ወንድነት እንደፈለጋችሁ ተከራከሩ፣ እኔም አስተያየት አለኝ፣ ህጉን ግን ያለቦታው አትጥሩት ምክንያቱም ሰው ይከስራል። የአዋጁ አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም ይላል፣ ካርታው በሱ ስም ብቻ ቢሆንም፣ እና ባልየው ብቻ ፈርሞለት የገዛ ሰው ሚስትየው ፍርድ ቤት ሄዳ ውሉን ልታስፈርስበት ትችላለች። ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩ ባለትዳር መሆን አለመሆኑን አጣሩ።