ለትንሿ መኪና የመጀመሪያው ብር ለአሞርዛተር ይሁን

ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም አሮጌ ኮሮላ ገዝቶ አዲስ አበባ ውስጥ መንዳት የጀመረ ሰው ከጓደኛም ከመካኒክም ቀድሞ የሚሰማው ምክር «ስፔሰር አስገባና ከፍ አስደርጋት» የሚል ነው። ስፔሰር ከሞላው ወይም ከአሞርዛተሩ ጋር ተጨምሮ መኪናዋን ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ቁራጭ ዕቃ ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ለለስላሳ የከተማ አስፋልት የተሠራችውና ከሆዷ እስከ መሬት ያለው ክፍተት ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይርቀው ቪትዝ አራት ሰው ጭና በየሰፈሩ የተሠራውን የፍጥነት መቀነሻ ስታልፍ ሆዷ ይፋቃል። ቢሆንም ገንዘቡ ውስን የሆነ ባለመኪና የመጀመሪያውን ወጪ ከፍ ለማስደረግ ማዋሉ ትክክል አይመስለኝም። ያ ገንዘብ ቅድሚያ መዋል ያለበት መኪናዋ ስትሠራ የነበራትን አቅም ለመመለስ፣ በተለይም የሞላውን መዋዠቅ ለሚገታው አሞርዛተር ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባው መለዋወጫ አብሮ ተወደደ። ስለዚህ አሁን በእጃችን ያሉት ትንንሽ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ቤተሰብም ተሳፋሪም ያመላልሳሉ፤ አንዱን ዕቃ በስህተት ገዝቶ እንደገና መግዛትም ብዙ ሰው የማይችለው ወጪ ሆኗል።

የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የሞላውን መዋዠቅ በውስጡ ባለው ዘይት ገትቶ ጎማው መሬት ሳይለቅ እንዲቆይ ማድረግ ነው። አሞርዛተሩ ሲደክም መኪናዋ አትቆምም፣ ባለቤቱም ቀስ በቀስ ስለሚለምደው ብዙ አይታወቀውም፤ ነገር ግን ሻካራ መንገድ ላይ ፍሬን ሲያዝ ጎማው እየዘለለ መሬቱን በደንብ ስለማይጨብጥ መኪናዋ የምትቆምበት ርቀት ይረዝማል። መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛ በበዛበት ከተማ ይህ የምቾት ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ስፔሰር ይህንን ድካም አያድንም፣ ሌላ ችግር ግን ይጨምራል። ከአሞርዛተሩ በላይ ሲገባ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚወስዱት ዘንጎች መገጣጠሚያም ከተሠራለት በሰፋ ማዕዘን ይሽከረከራል፤ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀድዶ ግሪሱ ሲፈስ የሚከተለው ወጪ ከስፔሰሩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከሞላው ጋር ሲገባ ደግሞ አሞርዛተሩ የሚዘረጋበት ቦታ ያጥራልና ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ጫፉ ድረስ ተስቦ ይመታል። በሞላው ጥቅልሎች መካከል የሚወተፈው የላስቲክ ቀለበትም የተያዙትን ጥቅልሎች ሥራ አስፈትቶ ጫናውን በቀሩት ላይ ያበዛል። መኪናዋ ከፍ ባለች ቁጥር በጥምዝ ላይ የበለጠ እንደምታዘነብል ሳይዘነጋ ነው።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን መኪናዋ ክሪክ ላይ ወጥታ በጥንቃቄ ትታይ። ከፊት የሚሰማው የ«ኳ ኳ» ድምፅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአሞርዛተሩ ሳይሆን ከስታቢላይዘር ሊንክ (መኪናዋ በጥምዝ ላይ እንዳታዘነብል የሚረዳው ዘንግ ማያያዣ)፣ ከመሪ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) ወይም ካረጁ ጎሚኒዎች (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚገቡ ላስቲኮች) ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከአሞርዛተር እጅግ ያነሰ ዋጋ አላቸው። ጎሚኒ ሲቀየር አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ፤ የታችኛው ክንድ ብሎኖች በመጨረሻ መጥበቅ ያለባቸው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ወይም ክንዱ በክሪክ ተደግፎ ወደ መደበኛ ከፍታው ሲመለስ ነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቁ መኪናዋ ስትወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀርና ያለ ጊዜው ይቀደዳል። ብዙ ባለመኪና «ዕቃው አይረባም» ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

አሞርዛተሩ መድከሙን የሚያሳዩት በገላው ላይ የወረደ ዘይት፣ ጎማው ላይ እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ የሚታይ መበላት፣ እንዲሁም መኪናዋ ከጉብታ ወርዳ ደጋግማ መናጧ ናቸው። የመኪናዋን ጥግ በእጅ ጫን አድርጎ መልቀቅ የሚነግረን ፈጽሞ የሞተውን ብቻ ነው። ግዢው የግድ በጥንድ ይሁን፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ መኪናዋ በፍሬን ጊዜ ሚዛኗን ታጣለች። አራቱን በአንድ ጊዜ ለመግዛት አቅም ከሌለ፣ የኋላዎቹ ዘይት ካላፈሰሱ በስተቀር የፊት ጥንድ ይቅደም፤ የሞተሩ ክብደትም የመሪው ሥራም የፍሬኑ ትልቁ ድርሻም እዚያ ነውና። የፊቱን ማውንቲንግ (አሞርዛተሩ ከላይ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰርበትን) እና አቧራ መከላከያ ላስቲክ አብሮ መቀየር የእጅ ዋጋን ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል፤ ከዚያ በኋላም አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) መሠራት አለበት። የፊቱ ሥራ ሞላውን በመጭመቂያ መሣሪያ አስሮ መፍታትን ስለሚጠይቅ መሣሪያው በሌለበት ቦታ ጨርሶ አይሞከር፤ ሳይታሰብ የሚፈናጠር ሞላ ሰው ይገድላል።

ወደ መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦርጅናል ዕቃ ፍለጋ የሚሄደውን ሰው ሐሳብ እረዳለሁ፤ ለአካል ክፍልና ለመብራት ጥሩ መንገድ ነው። ለአሞርዛተር ግን አይሆንም፤ ዘይቱን እንዳይፈስ የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ ምን ያህል እንዳረጀ ሻጩም ገዢውም በዓይን አያየውም። ለቶዮታ ፋብሪካ አሞርዛተር ከሚያቀርቡት አንዱ የሆነው የጃፓኑ ካያባ፣ በጋዝ የሚሠራውና ለመደበኛ ከፍታ የተዘጋጀው ዓይነት፣ ለእንዲህ ያለ መኪና ከበቂ በላይ ነው፤ በካያባ ካርቶን የቀረበ ሁሉ ግን ካያባ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ዘይት ሞልቶ በመበየድ «አድሳለሁ» የሚል ቢኖርም ከውስጡ ያመለጠውን የናይትሮጅን ጋዝ መልሶ አያስገባውም። ከፍታው የሚስተካከለው ውድ የሞላና የአሞርዛተር ስብስብና መኪና ዝቅ የሚያደርገው አጭር ሞላ ለእኛ መንገድ አይሆኑም።

የከፍታው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ቢነሳ ተገቢ ነው። ለዓመታት ሰው የጫነ ሞላ ይሟሽሻል፤ በፋብሪካው ልክ የተሠራ አዲስ ሞላ ብቻውን የጠፋውን ከፍታ ይመልሳል፤ ለራይድ አገልግሎት ቀኑን ሙሉ ሰው የምትጭን መኪና ደግሞ ከኋላ ጥቂት ጠንከር ያለ ሞላ ቢገባላት እደግፋለሁ። ጎማ መቀየሪያው ጊዜ ሲደርስም ልኩ 165/70 ባለ 14 የነበረውን ጎማ በ175/70 መተካት መኪናዋን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያነሣታል፤ ጎማው መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የትም እንዳይነካ ብቻ ይፈተሽ።

ወደ መደብር ከመሄድ በፊት ኮፈኑ ተከፍቶ የመኪናዋ መለያ ሳህን ይነበብ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ገበያ ላይ የዋለችው ሁለተኛዋ ትውልድ ቪትዝ ብቻዋን በሞዴል መለያዋ ኬኤስፒ90፣ ኤስሲፒ90 እና በአራቱም ጎማ የምትነዳዋ ኤንሲፒ95 እያለች ትለያያለች፤ ሞላውም አሞርዛተሩም እንደየዓይነቱ ሊለያይ ይችላል፤ የፊት ቀኝና ግራም አንድ አይደሉም። «የቪትዝ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አይበቃም፤ የሳህኑን ቁጥር በስልክ ፎቶ አንስቶ ለሻጩ ማሳየት ያስፈልጋል።