ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው

ሐዋሳ ውስጥ ሐውልት ሊቆምላቸው የሚገባ አንድ ሰው አሉ። የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የብርቅዬ መጻሕፍት ክፍል ቁልፍ ያዥ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። የኮሌጁንም አልጠራም። እንዲህ ያለ ሰው በየኮሌጁ ስላለ፣ አንዱን ጠርቼ ሌላውን ማስቀየም አልፈልግም።

ክፍሉ ከንባብ አዳራሹ ጀርባ ነው። የብረት በር አለው። በሩ ላይ አሞሌ ጨው የሚያክል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ከጓጉንቸሩ በላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ ወረቀቱ አይናገርም። ደግ አደረገ። ቢናገር ኖሮ ሰው ፈቃድ መጠየቅ ይጀምር ነበር።

አንድ የታሪክ ተማሪ ግን ጠየቀ።

«ጋሼ፣ የብራናውን ዳዊት ለማየት ነበር።»

«ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው።»

«እሳቸውስ የት አሉ?»

«አሁን እዚህ ነበሩ እኮ።»

በማግስቱ እሳቸው ስብሰባ ገቡ። ከዚያ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። ከዚያ የዓመት ፈቃድ ወጡ። ከፈቃድ ሲመለሱ ደግሞ ቁልፉን ሌላ ሱሪ ኪስ ውስጥ ረስተውት መጡ። ልጁ በመጨረሻ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ቀየረ። ስለ ቲክቶክ ጽፎ በጥሩ ውጤት ተመረቀ። ዳዊቱም አልተነካ፣ ልጁም አልተጎዳ። ከዚህ የበለጠ ምን አስተዳደር ይፈለጋል?

እዚያ ክፍል ውስጥ የሌለ የለም ይባላል። አንድ ምእመን ከአያታቸው የወረሱትን ዳዊት በስጦታ ሰጥተዋል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው የአዲስ ዘመን ጋዜጣ የቆዩ እትሞች በሲባጎ ታስረው ተቀምጠዋል። ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ ያሉ የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዞች አሉ። ይርጋለም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በታይፕ የተጻፉ ሪፖርቶች አሉ። ስለ እንሰትና ስለ ቡና የተሠሩ፣ በካርቦን ወረቀት የተባዙ የጥንት ጥናቶችም አሉ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ለዚህ ክፍል የተተረተ ይመስላል። ልዩነቱ የኛ ላም ሰማይ ላይ አለመሆኗ ነው። እዚሁ ምድር ቤት ናት፣ ቁልፍ ተደርጎባት።

የድሮ ሰዎች መጽሐፍ አያያዝ አያውቁም ነበር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በእንጨት ላይ ወጥረው፣ ፍቀውና አለስልሰው ብራና ያወጣሉ። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ይበጠብጣሉ። የቅዱሳኑን ስም በቀይ ይጽፋሉ። በእንጨት ገበታ ይደጉሱታል። ይህን ሁሉ ከለፉ በኋላ ምን ያደርጋሉ? ያነቡታል! ያውም በየቀኑ። ጠዋት ጠዋት ከማኅደሩ አውጥተው ይደግሙታል። ሲጨርሱ መልሰው ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ በጠፍሩ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። አይጥ አይደርስበትም፣ የወለል እርጥበት አያገኘውም፣ ነፋስም ያገኛል። ሲገላለጥ የኖረ መጽሐፍ ደግሞ ብል ቢገባበት ወዲያው ይታያል። በዚህ ዓይነት ግድየለሽነት ስንት ትውልድ አለፈ።

ዓድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማ ወንጌልማ ተዉት። የካርቦን ምርመራ ዕድሜውን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ አድርጎታል። ያለ ንብረት ክፍል፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይህን ያህል መቆየቱ ለኛ ሙያ ስድብ ነው።

የኛ ዘዴ ሳይንሳዊ ነው። ብራና ቆዳ ነውና እርጥበት ሲያገኝ ይጠጣል፣ ያብጣል። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጠቀለላል። የሙያው ሰዎች እርጥበቱ ከ45 እስከ 55 በመቶ፣ ሙቀቱም 20 ዲግሪ አካባቢ ይሁን ይላሉ። ከሁሉም በላይ አይለዋወጥ ይላሉ። እርጥበቱ ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይ ሻጋታ ይጀምራል። እኛ ደግሞ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። ክረምት ሲገባ መስኮቱን እንዘጋለን። በጋ ሲመጣም አንከፍተውም፣ ምክንያቱም የመስኮቱም ቁልፍ እሳቸው ጋ ነው። ስለዚህ ክፍሉ የራሱ የአየር ጠባይ አለው። በሩ ሲከፈት የሚመጣው ሽታ የእውቀት ሽታ ነው ብለው አንድ ኃላፊ ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሻጋታ ነበር።

ጋዜጦቹ ሌላ ጣጣ አላቸው። የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት የሚሠራ ርካሽ ወረቀት ነው፤ ከጊዜ ብዛት በውስጡ አሲድ እየፈጠረ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል። ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። መፍትሔው ተገኝቷል። በዓመት አንዴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። በርበሬ አይደሉም ያለ ሰው አልተገኘም።

ስለ ጥገናው ካላነሳሁ ደግሞ ሥራቸውን ያሳነስኩ ይመስለኛል። የተቀደደ ገጽ ሁሉ በስኮች ተለጥፏል። ስኮች ሲለጠፍ ያምራል። ችግሩ ማጣበቂያው በጊዜ ብዛት ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ ሆኖ ይቀራል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ተላቆ ይወድቃል። ያን ጊዜ ቅዳጁም አለ፣ እድፉም አለ። ከአንድ ጉዳት ሁለት ማትረፍ ይሏል ይህ ነው። በጣም ያረጁት ወረቀቶች ደግሞ ላሚኔት ተደርገዋል። በሙቀት ከፕላስቲክ ጋር የተጣበቀ ወረቀት ዳግም በደህና አይላቀቅም። ከእንግዲህ ማንም ባለሙያ መጥቶ ሊያበላሸው አይችልም ማለት ነው።

የማኅተሙ ነገር ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ዳዊቱ ስንት ገጽ እንዳለው የሚያውቅ የለም፤ ማኅተም ያልተመታበት ገጽ ግን የለም። ክብ፣ ሐምራዊ፣ ግልጽ። ንጉሥ ዳዊት በገና ይዞ የተቀመጠበት ሥዕል ላይም አለ፤ ልክ ጉልበቱ ላይ። ሠዓሊው ወንበሩን ሲስል የረሳው ነገር ካለ ኮሌጁ ሞልቶለታል። የመደርደሪያ ቁጥሩም በማርከር ገበታው ላይ ተጽፏል። በቁጥሩ የሚፈልገው ሰው የለም፤ ካታሎግ ውስጥ አልገባማ።

ካታሎግ ውስጥ አለመግባቱ ደግሞ የዘዴው ሁሉ እምብርት ነው። ያልተመዘገበ ነገር አይጠፋም። ኦዲተር መጥቶ «የት አለ?» ሲል፣ «ምኑ?» ብሎ መመለስ ይቻላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ያስመዝግብ ይላል ይባላል። ልናረጋግጥ ብንፈልግ አዋጁ የወጣበት ነጋሪት ጋዜጣ እዚያው ክፍል ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ገና ሲቀጠሩ በሩን ከፍተው ነበር ይላሉ የሚያስታውሷቸው። ከዚያ ንብረት ክፍል ጠርቶ አስፈረማቸው። አንድ መጽሐፍ ቢጎድል ከደመወዛቸው ይቆረጣል። እስቲ እናንተ በሆናችሁ! መጽሐፉ ተነቦ ከሚጠፋ፣ ሳይነበብ ቢበሰብስ ይሻላል። ለጠፋ መጽሐፍ ሰው ይጠየቃል። ብል ለበላው፣ ሻጋታ ለወረሰው፣ ዝናብ ላፈሰሰበት መጽሐፍ ደመወዙ የተቆረጠበት ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። መመሪያው የሚቀጣው ሌባን ነው፤ ጊዜን አይቀጣም። እሳቸውም መመሪያውን በደንብ አንብበዋል። ከዚያ ክፍል ጋር በተያያዘ በትክክል የተነበበ ጽሑፍ ቢኖር እሱ ነው።

እንግዳ ሲመጣ ግን ሁሉም ነገር ይለወጣል። ከአዲስ አበባ ልዑክ ይመጣል ሲባል ቁልፉ በአምስት ደቂቃ ይገኛል። ለቅሶም የለ፣ ሌላ ሱሪም የለ። ዳዊቱ ወጥቶ አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይቀመጣል። በአንድ በኩሉ የታሸገ ውኃ፣ በሌላው ፈንዲሻ። ከሥሩ ዕጣኑ ይጨሳል። ልዑኩ ምሳውን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣውን በልቶ የመጣ ነው። መሪው ጣታቸውን በምራቅ ነካ ያደርጉና ይገልጣሉ። ከዚያ ሌላው ይገልጣል። ካሜራው ፍላሹን ያበራል። በመጨረሻ «ይህ ታላቅ ሀብት ለትውልድ መተላለፍ አለበት» ተብሎ ይጨበጨባል።

ያ የታሪክ ተማሪ በዚያን ቀን በር ላይ ቆሞ ነበር። እሱ ግን ትውልድ አይደለም። ትውልድ ማለት ሁልጊዜ ገና የሚመጣው ነው።

ውጭ አገር ያሉትን ስታዩ ነው የኛ ጥበብ የሚገባችሁ። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ብራናዎቻችንን ዘርፈው ወሰዱ። 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው። መዝረፋቸው ሳያንስ በዝርዝር መዘገቧቸው! በየትኛው ገጽ ምን እንዳለ ጽፈው አሳተሙ። ተመዝግቦ የንባብ ካርድ ያወጣ ሰው ጠይቆ ያያቸዋል። የተሰረቀ ነገር እንዲህ በአደባባይ ሲነበብ ማፈር የለም። እኛ በሕጋዊ መንገድ በስጦታ ያገኘነውን እንኳን ደብቀን ይዘናል።

ሌላው ደግሞ የማይክሮፊልሙ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሱ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያ ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት አንድ በአንድ እያነበቡ ለብዙዎቹ ካታሎግ ሠሩላቸው። ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ኅዳጉ ላይ ስለ የትኛው መሬት ውል እንደሰፈረ ሳይቀር። ዛሬ ብዙውን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። ስለዚህ የኛ ተማሪ ማታ ዶርሙ ውስጥ ተኝቶ፣ ኔትወርክ ካለ፣ የሸዋንም የጎጃምንም ብራና በስልኩ ያገላብጣል። ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ያለውን ዳዊት ግን አያይም። ቁልፉ ሚኒሶታ ቢሆን ኖሮ ያየው ነበር።

ዲጂታል ማድረግ ተሞክሮ አያውቅም እንዳትሉ። ስካነር ተገዝቷል። ካርቶኑ አሁንም አለ፤ ጸሐፊዋ ቡና ማፍያዋን ታስቀምጥበታለች። ስካነሩም ካርቶኑ ውስጥ ነው። ሥልጠና ይጠብቃል። ከዚያ በፊት አንድ ትጉህ ወጣት በራሱ ስልክ የዳዊቱን ገጾች አንስቶ በሃርድ ዲስክ አስቀምጦ ነበር። ሥራው ተደነቀ፣ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው። ሃርድ ዲስኩ የኮሌጁ ንብረት ስለሆነ ተረከቡት። አሁን የት እንዳለ መገመት አያቅታችሁም። ፓስወርዱን የሚያውቀው ወጣት ደግሞ ለማስተርስ ትምህርት ወጥቷል።

አንዳንድ ተቺዎች ቀላል ነገር ይጠይቃሉ። መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ መጻሕፍቱን ከወለል አንሱ፣ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዙ፣ ስኮቹን ተዉት፣ በእርሳስ ጻፉ፣ አንድ ጠረጴዛ አዘጋጁና ተማሪው እጁን ታጥቦ አድርቆ፣ እናንተ እያያችሁት ያንብብ ይላሉ። ይህ ሁሉ ከአንድ የልዑክ አቀባበል ያነሰ ወጪ ነው ይላሉ። ልክ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ርካሽ ነገር ጨረታ አይወጣለትም፣ ጨረታ የሌለው ነገር ደግሞ በዕቅድ አይገባም።

ኮሌጁ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሰኔ ላይ በጀቱ ሊዘጋ ሲል ቀሪ ገንዘብ ተገኘና ለክፍሉ ሁለተኛ የብረት በር ተገዛ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በሩ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ተገጠመ። ቁጥር ተሰጥቶታል፣ ዋጋው በብርና በሳንቲም ተጽፏል፣ ዓመታዊ የእርጅና ቅናሹም ይሰላለታል። ዳዊቱን ንብረት ክፍል የሚያውቀው «መጽሐፍ፣ አሮጌ፣ ልዩ ልዩ» በሚለው መስመር ላይ ነው፤ ዋጋው ዜሮ። ዕድሜያቸው ያለፈ ንብረቶችን የሚያስወግደው ኮሚቴ በዘንድሮው ዝርዝሩ ላይ ያንን መስመር አስገብቶታል። የኮሚቴው አባላት ለማየት ቀጠሮ ይዘው ነበር። እሳቸው ስብሰባ ገቡ።